ከሕግ ወደ ድንጋይ

አያ ባዬና አያ ቢያዝን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተካስሰዋል፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ከዳባት ጎንደር የሚወርዱት ግን አብረው ነው። የሚካሰሱባት መሬት በሁለቱ ማሳ መካከል፣ በገለብ ወንዝ ዳር የተጋደመች፣ አንድ ጥማድ በሬ ግማሽ ቀን የማይውልባት ብጣሽ ናት። መንገዱ ደግሞ የሁለት ቀን ነው። የሁለት ቀን መንገድ ያለ ጓደኛ አይገፋም፤ ቀጠሮው ከቀጠሮህ የሚገጥም ጓደኛ ደግሞ ከባላጋራህ በቀር ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሎች ስንቃቸውን በአንድ ስልቻ ይቋጥራሉ፤ አምባ ጊዮርጊስ በአንድ ቁርበት ላይ ያድራሉ፤ ጎንደር ሲገቡ ለሁለቱም በአራት ቤት የምትዛመዳቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ዘንድ ያርፋሉ። በማግስቱ ፊታቸውን ይታጠቡና፣ አንዱ የሌላውን ጋቢ ከኋላው አስተካክሎለት፣ ሄደው ይካሰሳሉ።

«ምነው በማኪና ብትሄዱ?» የሚላቸው አይጠፋም።

«በማኪና የሄደ ክርክር አይብላላም» ይላሉ አያ ባዬ።

የአያ ባዬ ልጅ ክንዴ ያደገው በዚህ መካከል ነው። ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲተኛ እሱ ይግባኝ እየሰማ ተኝቷል። ጎንደር ተምሮ፣ ፈተናውን አልፎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ «ምን ልትማር ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድም የአገሩ ሰው አልነበረም። ለቀንበር የተገራ ወይፈን ምን ልትሠራ ነው ተብሎ ይጠየቃልን? ሕግ ነው። ሕግ ተምሮ ይመጣል፤ ጋቢውን አጣፍቶ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ቢያዝን አፉን ይይዛል፤ ብጣሿ መሬት ወደ አያ ባዬ ትገባለች። አለቀ።

ክንዴም ሕግ ገባ። ክፋቱ ግን መምህሩ ስለ ወሰንና ስለ ይዞታ ማስረዳት በጀመሩ ቁጥር የአባቱ ድምፅ ከተፍ ይልበትና ዓይኑ በልጅነቱ ልማድ ክድን ይላል። አንድ ዓመት እንዲህ ተኝቶ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የአልጋ ጎረቤቱ «አውቶቡሱ ላይ ቦታ ተርፏል» ብሎ ከጂኦሎጂ ተማሪዎች ጋር ወደ አባይ በረሃ ይዞት ወረደ። ሲመለስ የኮቱ ኪስ በድንጋይ ተሞልቶ ስፌቱ ለቆ ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ለሕግ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ፎርሙን ሞልቶ ከሕግ ወጣ፤ ጂኦሎጂ ገባ፤ ያን ቀን ማታውን አራት ገጽ ደብዳቤ ለአባቱ ጻፈ።

መልሱ የመጣው በሚያዝያ ነው። የቤተ ክህነት እጅ ጽሕፈት፣ ሦስት መስመር፦ «ደብዳቤህ ደርሶን ደስ ብሎናል። በርታ። ለሰኔ ሃያ አምስት ቀጠሮ አለና እንዳትቀር።» ክንዴ ሦስቷን መስመር ሠላሳ ጊዜ አነበባት። አባቱ ምን ቢቆጡ ነው ስለ ነገሩ አንዲት ቃል እንኳ ያልተነፈሱት?

እነሆ አሁን በሰኔ ሃያ አራት፣ አውቶቡሱ ፀዳን አልፎ፣ አዘዞን አልፎ፣ ዳገቱን እያቃሰተ ጎንደር ሲገባ ሦስቷን መስመር ደግሞ የሚያነባት ለዚህ ነው። በመስኮቱ አሻግሮ ቢያይ ሁለት ነጫጭ ጋቢ፣ ሁለት ዱላ፣ አንድ ስልቻ ቆመው ይጠብቁታል።

«ጠበቃዬ!» አሉ አያ ባዬ፤ አንገቱን አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሙት። ከዚያ ገፋ አድርገው አዩት። «ከሳህ። መቸም ሕግ ሰው ያከሳል።»

«የአዲስ አበባ ውሃ ነው እንጂ ሕጉ ምን አደረገው» አሉ አያ ቢያዝን ፈጠን ብለው። ክንዴን ሲስሙት ትከሻውን ከልማዱ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ክንዴ ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላለውም። ልቡ ያለው «ጠበቃዬ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ስድብ ናት? ሽሙጥ ናት? የአባቱ ፊት ግን እንደ መስከረም ሜዳ ፈክቷል።

ከፒያሳ እስከ ይመኙሽ ቤት ድረስ አያ ባዬ ልጃቸውን ያላስጨበጡት ሰው የለም። ልብስ ሰፊው፣ ጨው ነጋዴው፣ ስሟን የማያውቁት፣ ወለቃ መንደር የተሠራ ማሰሮ የምትሸጥ ሴት። «ሕግ ይማራል» አይሉም። «ልጄ ነው። ሕግ ነው» ነው የሚሉት። ማሰሮ ሻጯ ደንግጣ ቀና ብላ «እንዲያው ጥፋት አለብኝ?» አለቻቸው።

ክንዴ ታገሠ ታገሠና «አባባ» አለ፤ «ደብዳቤዬ ደርሶዎት ነበር?»

«ደርሶኛል እንጂ! ይኸው!» ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደው፣ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን በቁርበት የተሰፋ ነገር አወጡ። ላየው ሰው ክታብ ነው። «ዝናብ እንዳያበሰብሰው ብዬ አሰፋሁት። ቄስ ወልደኢየሱስ ‹ምን ልትሠራ ጠንቋይ ዘንድ ሄድህ› ብለው ሊገዝቱኝ ነበር። ቃሉንማ በቃሌ ይዠዋለሁ። ‹ሕጉን ስማረው እንደ ወለላ ጣፈጠኝ› ያልኸውን ስሰማ እንባዬ ነው የመጣ።»

ክንዴ በሕይወቱ ወለላ የሚል ቃል ጽፎ አያውቅም።

«ማን ነው ያነበበልዎ?»

«ምን ማለትህ ነው? የቄስ ወልደኢየሱስ ዓይን ከደከመ ወዲህ በአገሩ ማን ፊደል የቆጠረ አለ? ቢያዝን ነዋ።»

«ባላጋራዎ?»

«ባላጋራዬ መሬቴን ነጠቀኝ አልሁ እንጂ ፊደሉን መች ከለከለኝ?» አሉ አያ ባዬ፤ በልጃቸው አላዋቂነት አዝነው።

ክንዴ ዞር ቢል አያ ቢያዝን አንዱን የግንብ ቅጥር ከዚህ በፊት አይተውት እንደማያውቁ አድርገው በጥንቃቄ ይመለከቱ ነበር።

ከምሳ በኋላ አያ ባዬ ሁለቱን ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ላኳቸው፤ የነገው መልስ በታይፕ ተጽፎ አልቆ እንደሆን ያዩ ዘንድ። ከሳሽ ተከሳሹን የመልሱን ወረቀት እንዲያመጣለት መላኩ ማንንም አልገረመም።

በሩን እንደወጡ ክንዴ «አያ ቢያዝን!» አለ።

«ቆየኝ፤ ጥጉን እንለፍ» አሉ። ጥጉን አለፉ። «አሁን ተቆጣ።»

«ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ አባቴን ዋሹብኝ!»

«አልዋሸሁም። ሳነብ ስቼ ነው።»

«አራት ገጽ ሙሉ?»

አያ ቢያዝን ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ስማኝ ልጄ። ሌላ ነገር ብለህ ብትጽፍ አነብለት ነበር። ሐኪም ብትል አነባለሁ። መሐንዲስ ብትል አነባለሁ። ድንጋይ አልኸኝ! ያውም ለባዬ! ሠላሳ ዓመት ከማሳው ድንጋይ ሲለቅም ወገቡ የጎበጠ ሰው፣ ልጄ አዲስ አበባ ወርዶ ያንኑ ሊለቅም ነው ብሎ ሲሰማ… ዓይኑ ሥር ተቀምጬ ነው እኮ የማነብለት። ‹ሕጉን› ከሚለው ደረስሁ። ቀና ብዬ አየሁት። እንደ ጠላ ጋን አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ከዚያ ወለላው ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።»

«ለእርስዎማ ደስታ ነበር። ባላጋራዎ ጠበቃ አጣ ማለት አይደል?»

«ሞኝ ነህ። እኔ ‹ዩኒቨርሲቲ ከበቀለ ሕግ አዋቂ ጋር ነው የምካሰስ› እያልሁ በዳባት ገበያ ስንቱን ጠላ ጠጣሁበት! ድንጋይ ከሚለቅም ጋር ተካሰስሁ ብዬ ላውራ?» ጥቂት ተራመዱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም እንዳንተ ነበርሁ። አባቴ ዜማ ተማር ብሎ ሰደደኝ። ሦስት ዓመት ዜማ ቤት ተቀመጥሁ፤ ድምፄ የቁራ ሆኖ ቀረ። ሰው ሳይሰማ ወደ ቅኔ ዞርሁ። አባቴ ዜማ እየተማርሁ መስሎት ሞተ፤ ‹ልጄ ሲመጣ ማኅሌት ይቆምልኛል› እያለ። ዛሬም ማኅሌት ሲቆም ከደጀ ሰላም ወጥቼ እሄዳለሁ። እና ምን ልልህ ነው… አንተ ንገረው። ከነገ በፊት ንገረው። ነገ ዳኛ ፊት ሊያቆምህ ነው።»

«ዳኛ ፊት?»

«ምን መስሎህ ነው አዲስ ጋቢ ያስገዛልህ?»

ክንዴ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሞከረ። መጀመሪያ አባቱ እግራቸውን ሲታጠቡ፦ «አባባ፣ አንድ ነገር አለኝ።» «ለነገ አቆየው፤ ቃል ሲያድር ይጠነክራል» አሉት። ሁለተኛ እራት ላይ፦ ይመኙሽ «ለሕጉ» እያለች የዶሮውን ፈረሰኛ አጎረሰችው፤ አፉ ሞላ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። አያ ባዬ አዲሱን ጋቢ አጣፉለት፤ በቀኝ እጁ ዱላ አስያዙት፤ እንዴት እንደሚቆም ሊያዩ መሀል ቤት አቆሙት።

«ተጠየቅ በለው!» አሉት፤ ወደ አያ ቢያዝን እያመለከቱ።

«አባባ፣ አሁን እንዲህ አይባልም፤ አዲሱ ሕግ…»

«አየኸው ቢያዝን! አዲሱ ሕግ አለህ! በለው!»

አያ ቢያዝን ከመደቡ ላይ ሆነው «ልጠየቅ» አሉ፤ በሞተ ድምፅ። አያ ባዬ ልጃቸውን አይተው አይተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራል?

በማግስቱ ችሎቱ ሞልቷል። ዳኛው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ የዚህን መዝገብ ውፍረት ሲያዩ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው ናቸው። አያ ባዬ ገና ስማቸው ሲጠራ እጅ ነሱና፦ «ጌታዬ፣ ዛሬ እኔ አልናገርም። ልጄ ይናገርልኝ። ሕግ ነው» አሉ።

«ሕግ ተማሪ ነህ?» አሉ ዳኛው።

ክንዴ አፉን ከፈተ። አባቱ ቀደሙት። «ማስረጃ አለኝ!» ክታቡን ከአንገታቸው አውልቀው ስፌቱን በጥርሳቸው በጠሱ። አራቱ ገጽ ወጣ፤ በላብ ወዝቶ፣ በእጥፋቱ ላይ ስስ ብሎ። «የእጁ ጽሕፈት ነው። ይነበብልኝ።»

ዳኛው ወረቀቱን አገላበጡትና መልሰው ዘረጉት። «ጽሕፈቱ አንዳንዱ ጠፍቷል። የጻፈው ሰው እዚህ ካለ እሱ ራሱ ያንብበው።»

ክንዴ ደብዳቤውን ተቀበለ። የገዛ እጁ ጽሕፈት ነው። ጀመረ።

«ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ባዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ…»

ቀና አለ። አያ ባዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ደብዳቤውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ከእሱ ቀድመው እየሄዱ ነው። «ሕጉን ስማረው…» ሲሉ ይሰማዋል፤ በሹክሹክታ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። ከወዲያ ማዶ አያ ቢያዝን ሳል ሳል አሉና በአፋቸው ቅርጽ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ «ወለላ፣ ወለላ» አሉት።

ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። አባቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ይደሰታሉ፤ ዳኛው ወረቀቱን ደግመው አያዩትም፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ በየክረምቱ እየመጣ አባቱን ወለላ ይመግባል። ያን ጊዜ የአያ ቢያዝን ማኅሌት ትዝ አለው።

«ሕጉን ትቻለሁ» ብሎ አነበበ።

የአያ ባዬ ከንፈር አንድ ቃል ያህል ወደፊት ሄዶ ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ።

ክንዴ አላቆመም፤ ቢያቆም እንደማይቀጥል ያውቃል። «አባቴ ሆይ፣ ሕጉ ክፉ ሆኖ አይደለም። አባይ በረሃ በወረድን ጊዜ መምህራችን መኪናውን አስቁመው ገደሉን አሳዩን። ድንጋዩ እንደ ተጣጠፈ ጋቢ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል። ይህን ሁሉ የቆረጠው ውሃ ነው አሉን። ያን ጊዜ የእኛ ገለብ ትዝ አለኝ። ወንዝ ቦታውን ይለቃል። በእርስዎ አያት ዘመን በአያ ቢያዝን ማሳ በኩል ወርዶ ይሆናል፤ በእሳቸው አያት ዘመን ደግሞ በእኛ በኩል። ድንበራችን ወንዙ ነው ስትሉ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ወንዙ ግን ለማንም ቃል አልገባም። ይህን ነገር ሕግ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ስለዚህ ከሕግ ወጥቼ ጂኦሎጂ ወደሚባለው፣ የድንጋይና የምድር ትምህርት ገብቻለሁ። ይቆጡኛል ብዬ እፈራለሁ። ቢቆጡም ግን ተቆጥተው ይጻፉልኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ። ልጅዎ ክንዴ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ እንደዚህ ልጅ አባባል ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

«አይደለንም!» አሉ ሁለቱ ሽማግሎች በአንድ ትንፋሽ።

ችሎቱ በሣቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሣቃቸውን በመዝገቡ ሸፈኑ። ክረምቱ ሲያልፍና ወንዙ ሲጎድል ቦታው በሽማግሎች ይታይ ብለው ለጥቅምት ቀጠሩ፤ ከእንግዲህ አያ ባዬ በገዛ አፋቸው እንዲናገሩ፣ ልጁም ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ አዘዙ።

ከውጭ ካፊያ ይወርዳል። አያ ባዬ ከፊት፣ ክንዴ ከኋላ፣ አያ ቢያዝን ከሁለቱም ራቅ ብለው በዛፍ ሥር ለሥር ይሄዳሉ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ብቅ ብሎ «አያ ባዬ፣ ሕግ እንዴት ዋለ?» አላቸው። ዝም ብለው አለፉ። ተቆጥተው ይጻፉልኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ ብሎ አልነበር የጻፈ?

አያ ባዬ የማመልከቻ ጸሐፊው የኃይለ ጊዮርጊስ በረንዳ ስር ሲደርሱ ታጥፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ጻፍ» አሉት።

«በማን ላይ?»

«በቢያዝን ላይ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ታይፑን ሳብ አደረገ። «የመሬቱ ነገር እንደሆነ በጥቅምት…»

«ሌላ ነው። አዲስ ነው። ‹ተከሳሽ የልጄን ደብዳቤ አጣሞ በማንበብ ስድስት ወር ሙሉ በዳባት ገበያ መሳቂያ አድርጎኛል› በል።»

አያ ቢያዝን ከዛፉ ሥር ብቅ አሉ፤ አንድ እግራቸውን በረንዳው ላይ፣ አንዱን ዝናቡ ውስጥ አድርገው። «‹አጣሞ› አይባልም ባዬ። ‹አዛብቶ› በለው። ‹አጣሞ› ይቀላል፤ ዳኛ ይሥቅብሃል።»

አያ ባዬ ሳያዩአቸው ተንፍሰው «አዛብቶ በል» አሉ።

«‹መሳቂያ› አይደለም ደግሞ። ማንም አልሣቀብህም። ስድስት ወር ሙሉ በትዕቢት አላስደርስ ብለህ አልነበር?»

«‹ያለ አገባብ ደስ አሰኝቶኛል› በል እንግዲያ!» ብለው ጮኹ አያ ባዬ። ኃይለ ጊዮርጊስ እጁን ከታይፑ አነሣ። አያ ቢያዝን ሁለተኛውን እግራቸውን ከዝናቡ አወጡና በአግዳሚው ጫፍ፣ ከባላጋራቸው ጎን ተቀመጡ።

ክንዴ ተንበረከከ። «አባባ፣ እኔኮ…»

«ዝም በል አንተ። ያንተን ጉዳይ መንገድ ላይ እንነጋገረዋለን። የሁለት ቀን መንገድ አለን።»

እንነጋገረዋለን። ክንዴ ቃሏን ሰማት፤ እስክትጥመው ድረስ በአፉ ውስጥ አገላበጣት። ከዝምታ ምን ያህል ትሻላለች!

«ምስክር አለህ?» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

«ያውልህ። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ፤ በችሎት ያነበበውም እሱ።» አያ ባዬ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ነገሩ አሁን ገና የገባቸው መሰሉ። «ጠበቃዬ ቢሆን ምስክሬ መሆን ይችል ነበር?»

«አይችልም» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

«ሸጋ። ለየቀጠሮው ይመጣል እንግዲህ።»

«የምስክር ስም፣ ክንዴ ባዬ» ብሎ ኃይለ ጊዮርጊስ ታይፑን አንኳኳ። «ሥራ?»

አያ ባዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስድስት ወር የለመደው ምላሳቸው «ሕ—» ብሎ ቆመ። ወደ ኮቱ ኪስ አዩ፤ ዛሬም አብጦ ነበር። እጃቸውን ሰደው አንድ ድንጋይ አወጡ። እንደ እንቁላል አገላበጡት፤ መዘኑት፤ በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ሠላሳ ዓመት እያነሱ ወደ ማሳው ዳር ሲወረውሩ አንዱንም እንዲህ አላዩትም።

«ተማሪ» አሉ። «የድንጋይ ተማሪ ብለህ ጻፍ።»

«ጂኦሎጂ በል እንጂ ባዬ» አሉ አያ ቢያዝን። «ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ እንዲያ ነው የሚለው።»

አያ ባዬ ቀስ ብለው ወደ ባላጋራቸው ዞሩ።

«መስመሩን ሳይቀር ታውቀው ኖሯል?»

አያ ቢያዝን ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አሉ አያ ባዬ፤ ድንጋዩን በገዛ ኪሳቸው እየከተቱ፣ «ጨምርበት።»